አሮጌ መርከብ ላይ መሳፈር ያሰጋል ወይ?

አጎቴ የሚኖሩት ደሴ፣ ሆጤ ነው። በጉልበታቸው ዘመን የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ተሳቢ የምትጎትት ፊያት ኤንትሬ ይዘው በኮምቦልቻ፣ በባቲና በሚሌ አድርገው አሰብ ይመላለሱ ነበር። መንገዱ በ1990 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ ባሕርን የሚያውቁት ወደቡ ዳር ቆመው የጭነት ወረፋ ሲጠብቁ ነው፤ መርከብ ላይ ግን አንድም ቀን አልወጡም። ባለፈው ወር ጣሊያን የምትኖረው ልጃቸው ለእሳቸውና ለአክስቴ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ የ7 ሌሊት የመዝናኛ መርከብ ጉዞ ገዛችላቸው። ዋጋው ረከስ ያለበትን ምክንያትም አልደበቀችም። መርከቧ ከ30 ዓመት በላይ ሠርታለች፤ በዚህ የጉዞ ወቅት ማብቂያ ላይም ከአገልግሎት ትወጣለች።

ይህን የሰማ ዘመድ ሁሉ ይደውል ጀመር። «ልትሰበር በደረሰች መርከብ እንዴት ትሳፈራላችሁ?» አክስቴ እንቅልፍ አጡ። እኔ ባሕር ዳር በሚገኘው የማሪታይም ተቋም ተምሬ በዕቃ ጫኝ መርከቦች የሞተር ክፍል የምሠራ ሰው ነኝ። በዚያ ሰሞን ለእረፍት ኮምቦልቻ ቤተሰቦቼ ዘንድ ስለነበርኩ ተጠርቼ ደሴ ወጣሁ። ቡናው እስኪፈላ «አብሽሩ» ብዬ ጀመርኩ፤ ነገሩ ግን «አብሽሩ» ተብሎ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። ያን ቀን የነገርኳቸውን እዚህ አሰፍረዋለሁ። ከዚህ በኋላ የሚመጡት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ዕድሜን ብቻውን እንመልከት። ታይታኒክ በ1912 የሰጠመችው በመጀመሪያ ጉዞዋ ነው። ኮስታ ኮንኮርዲያ በጃንዋሪ 2012 ጣሊያን ውስጥ ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ዓለት መትታ 32 ሰው ሲሞትባት ሥራ ከጀመረች 6 ዓመት አልሞላትም ነበር። በአንጻሩ ስቶክሆልም የተባለችው መርከብ በ1948 ሥራ ጀመረች። በ1956 አሜሪካ ጠረፍ አቅራቢያ አንድሪያ ዶሪያ ከተባለች የጣሊያን መርከብ ጋር ተጋጨች። አንድሪያ ዶሪያ ሰጠመች፤ ስቶክሆልም አፍንጫዋ ተጨፍልቆ ኒውዮርክ ገባችና ተጠገነች። ከዚያ ባለቤት እየለወጠች፣ ስም እየቀያየረች፣ በመጨረሻ አስቶሪያ ተብላ እስከ 2020 ድረስ መንገደኛ ጫነች። ሰባ ዓመት ያለፈው ዕድሜ ማለት ነው።

«ኤንትሬዋን ያስታውሱ» አልኳቸው አጎቴን። የእሳቸው መኪና አሰብን ስትመላለስ የከረመችው ሞተሯ ስለሚወርድ፣ ፍሬኗ ስለሚታይ፣ ኮምቦልቻ ጋራዥ ገብታ ያረጀው ዕቃ ስለሚቀየር ነው። የመርከብም ነገር እንዲሁ ነው። ለመንገደኛ ዋናው ጥያቄ «ስንት ዓመቷ ነው?» ሳይሆን «በማን እጅ ናት? ገንዘብስ ይወጣባታል ወይ?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ደግሞ በመጨረሻው ዓመት ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

መርከብን የሚበላት ዝገት ነው። ከአሰብ ጨው ጭኖ የሚመለስ መኪና ሻንሲው ከሌላው መኪና ቀድሞ እንደሚበላ አጎቴ ያውቃሉ። መርከብ ሕይወቷን ሙሉ ጨው ውስጥ ናት። ከውጭ ያለው ላሜራ በየጊዜው ቀለም ይቀባል፤ የሚያሳስበው የማይታየው ነው፦ ከወለል በታች ያሉት የውሃና የነዳጅ ጋኖች፣ በግድግዳ ውስጥ የሚያልፉት ቧንቧዎች፣ ብየዳ የተያያዘባቸው ጥጎች።

እንዴት ይመረመራል? የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ መርከባችን የጥገና ገንዳ ገባች። ኮምቦልቻ ያለው ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር የሚራገፍበት ነው፤ የመርከብ የጥገና ገንዳ ሌላ ነገር ነው። መርከቧ ውሃ የሞላበት ትልቅ ገንዳ ውስጥ ትገባለች፣ በሩ ይዘጋል፣ ውሃው በፓምፕ ይመጠጣል፣ በመጨረሻ ያ ሁሉ ብረት በተደረደሩ ብሎኮች ላይ ደርቆ ይቀመጣል። ከሆዷ ሥር ቆሜ ቀና ስል የተሰማኝን መግለጽ አልችልም። ዋናው መሐንዲስ ትንሽ መዶሻ ሰጠኝና «እየመታህ ስማ» አለኝ። ጤነኛው ላሜራ እንደ ደወል ይጮኻል፤ በውስጥ በኩል የተበላው ድምጹ ድፍን ይላል። አክስቴ ይህን ስነግራቸው ሳቅ አሉ፤ ሰኞ ገበያ ጀበና ሲገዙ በጣታቸው አንኳኩተው ስንጥቅ ያለበትን የሚለዩት እንዲሁ ነው።

ከመዶሻው በኋላ መሣሪያው ይመጣል። ነፍሰ ጡር የምትታይበት አልትራሳውንድ ዓይነት ነው፦ ላሜራው ላይ እንደ ቅባት ያለ ነገር ይቀባና ትንሽዬ መዳሰሻ ይጫናል፣ ድምጹ ብረቱን አልፎ ሲመለስ የውፍረቱን ቁጥር ስክሪኑ ላይ ያወጣል። ሲሠራ 12 ሚሊ ሜትር የነበረው አሁን 10 ነው? 9 ነው? ለእያንዳንዱ ክፍል ላሜራው ምን ያህል መቅጠን እንደሚፈቀድለት የተጻፈ ልክ አለ። ከተፈቀደው መቅጠን ውስጥ 75 በመቶው ካለቀ ቦታው በጥብቅ ክትትል ሥር ይውላል፤ ልኩን ካለፈ ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ይተካል። መርከቧ ባረጀች ቁጥር የሚለካው ቦታ ይበዛል። ስለዚህ የ30 ዓመት መርከብ ገላዋ በሚገባ ከተመረመረ ከ5 ዓመቷ መርከብ ይልቅ በቁጥር የታወቀ ነው።

ይህን የሚቆጣጠሩት የመርከብ መርማሪ ድርጅቶች ናቸው። ሎይድስ ሬጅስተር ከ1760፣ ቢሮ ቬሪታስ ከ1828 ጀምሮ አሉ። ትልቁ ምርመራ በየ5 ዓመቱ ይመጣል። የመንገደኛ መርከብ ግን ከዕቃ ጫኝ የጠበቀ ሕግ አለባት፦ የደኅንነት የምስክር ወረቀቷ ቢበዛ ለ12 ወር ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ ሆዷም በየዓመቱ ይታያል፣ በ5 ዓመት ውስጥ ቢያንስ 2 ጊዜ በደረቅ ገንዳ። «ቦሎ በያት» አሉ አጎቴ። ልክ ነው፣ ቦሎ ናት። ቦሎ የሌላት መርከብ መንገደኛ ይዛ ከወደብ አትወጣም።

ታዲያ ጥገና ሲጎድል ምን ይሆናል? ይህን ሳልሸሽግ ነገርኳቸው፣ ምክንያቱም ሥጋቱ እውነት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ኦሺያኖስ በ1952 የተሠራች መርከብ ነበረች። በኦገስት 1991 በከባድ ማዕበል ከደቡብ አፍሪካዋ ኢስት ለንደን ወደ ደርባን ስትጓዝ የሞተር ክፍሏ ውሃ ገባበትና ኃይል ጠፋ። እስከዚህ ድረስ በማንኛዋም መርከብ ሊደርስ የሚችል ነው። መርከብ ውስጧ ውሃ በማያሳልፉ ግድግዳዎች የተከፋፈለ ስለሆነ አንድ ክፍል ቢሞላ ሌሎቹ ያንሳፍፏታል። በኦሺያኖስ ግን ለጥገና የተከፈተ፣ ያልተደፈነ ቀዳዳ በአንዱ ግድግዳ ላይ ነበር። ውሃው በዚያ አልፎ ወደ ፍሳሽ ጋኑ ገባ። ጋኑ ላይ ውሃ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚከለክሉት ቫልቮች ደግሞ ተፈትተው በቦታቸው አልነበሩም። ባሕሩ በፍሳሽ ቧንቧው ሽቅብ ወጥቶ በመታጠቢያውና በሽንት ቤቱ በኩል ፎቅ ለፎቅ ተዳረሰ። 571 ሰው ተሳፍሮ ነበር፤ የደቡብ አፍሪካ ሄሊኮፕተሮችና በአቅራቢያ የነበሩ መርከቦች ደርሰው አንድም ሰው ሳይሞት ሁሉም ተረፉ። መርከቧ ግን በማግስቱ ሰጠመች። ያሰጠማት ዕድሜዋ አይደለም፤ የአንድ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ የሆነ ቀዳዳና ያልተመለሱ ቫልቮች ናቸው።

ቀይ ባሕር ላይ የደረሰው ደግሞ ከዚህ ይከፋል። አል ሰላም ቦካቾ 98 በ1970 የተሠራች፣ በኋላም ላይዋ ላይ ተጨማሪ ፎቅ የተጫነባት ጀልባ መሳይ የመንገደኛና የመኪና ማመላለሻ ነበረች። በፌብሩዋሪ 2006 ከሳዑዲ ዓረቢያ ወደ ግብፅ ስትሻገር እሳት ተነሣባት። ለማጥፋት የተረጨው ውሃ መውጫ አጥቶ መኪና ከሚቆምበት ወለል ላይ ተጠራቀመ፤ ያ ውሃ ወዲያና ወዲህ እየተላጋ ሚዛኗን አሳታትና ገለበጣት። 1,000 ያህል ሰው አለቀ። ለእኛ ለቅርቦቹ ይህ አደጋ የሩቅ ወሬ ሆኖ መቆጠሩ ያሳዝነኛል። የውሃ መውጫ ቀዳዳ በቆሻሻ ተደፈነ አልተደፈነ ብሎ ማየት የማንም መርከበኛ የዕለት ሥራ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። የባሕር ላይ ደኅንነት ዓለም አቀፍ ስምምነት የተወለደው ከታይታኒክ በኋላ በ1914 ነው፤ ዛሬ የሚሠራበት የ1974ቱ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ መርከብ በአብዛኛው የምትዳኘው መሠራት በጀመረችበት ቀን በነበረው ሕግ መሆኑ ነው። አዲስ ሕግ ሲወጣ አሮጌዎቹ ብዙ ጊዜ ነጻ ይሆናሉ። እዚህ ላይ አሮጌ መርከብ ከአዲስ በእርግጥ ታንሳለች። ለምሳሌ ከጁላይ 1 ቀን 2010 ወዲህ የሚሠሩ ትልልቅ የመንገደኛ መርከቦች አንድ ክፍላቸው ቢቃጠል ወይም በውሃ ቢሞላ በራሳቸው ኃይል ወደብ መድረስ እንዲችሉ ሞተራቸውና ኤሌክትሪካቸው በሁለት ቦታ የተከፈለ መሆን አለበት። ከዚያ በፊት የተሠሩት ይህ ግዴታ የለባቸውም። ካርኒቫል ስፕሌንደር በ2010 ሜክሲኮ አጠገብ የሞተር ክፍሏ ሲቃጠል 4,500 ገደማ ሰው ይዛ ያለ ኃይል ቆማ ተጎትታ ነው የወጣችው፤ ያኔ ገና የ2 ዓመት መርከብ ነበረች። ማንም አልሞተም፤ ግን ለቀናት ትኩስ ምግብና አየር ማቀዝቀዣ የለም። የአጎቴም መርከብ እንዲህ ዓይነት ነገር ቢገጥማት የምትቆመው እንደዚያው ነው። ይህን አውቆ መሄድ ተገቢ ነው።

ለማንም ያልተራራ ሕግም አለ። ከኦክቶበር 1 ቀን 2010 ጀምሮ ማንኛዋም የመንገደኛ መርከብ፣ መቼም ትሠራ፣ በቀላሉ በሚቀጣጠል እንጨትና መሰል ነገር የተሠራ ውስጧን ማስወገድ ነበረባት። ብዙዎቹ የጥንት ቆንጆ መርከቦች የወጡት ያኔ ነው፤ ወጪውን ባለቤቶቹ አልቻሉትም። ዛሬ ባሕር ላይ ያለች የ30 ዓመት መርከብ ያንን ወንፊት ያለፈች ናት።

እሺ፣ ጤነኛ ከሆነች ለምን ትወጣለች? ለዚህ መልሱ በአብዛኛው ሒሳብ ነው። የ30 ዓመቱ ትልቅ ምርመራ ብዙ ላሜራና ቧንቧ መቀየርን ይጠይቃል። ከ2020 ጀምሮ በነዳጅ ውስጥ የሚፈቀደው ድኝ ከ3.5 በመቶ ወደ 0.5 በመቶ ወርዷል፤ ሜዲትራኒያን ላይ ከሜይ 2025 ወዲህ 0.1 በመቶ ብቻ ነው፤ ንጹሑ ነዳጅ ደግሞ ውድ ነው። ከ2023 ጀምሮ መርከቦች በሚያወጡት ካርቦን በየዓመቱ ደረጃ ይሰጣቸዋል፣ የድሮ ሞተር ደግሞ ብዙ ይጠጣል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን መጠን ነው። በ1988 ሶቨሪን ኦቭ ዘ ሲስ ስትወጣ 73 ሺህ ያህል ግሮስ ቶን ሆና ዓለምን አስደንቃ ነበር፤ በ2024 የወጣችው አይከን ኦቭ ዘ ሲስ 248 ሺህ አልፋለች፣ እስከ 7,600 መንገደኛ ትጭናለች። (ግሮስ ቶን የክብደት ልክ አይደለም፤ የመርከቧ ውስጣዊ ስፋት መለኪያ ነው፤ ጋዜጦች ሳይቀሩ ይስቱታል።) አንዲት አዲስ መርከብ የሦስት አሮጌዎችን ሰው በአንድ ካፒቴንና በአንድ የሞተር ክፍል ትወስዳለች። አሮጌዋ የምትሸነፈው በዚህ ነው።

አደገኛው ነገር እዚህ ይመጣል፣ ቀድሜ እመለሳለሁ ያልኩትም ይህንን ነው። መኪናውን በሚቀጥለው ወር የሚሸጥ ሰው አዲስ ጎማ ይገዛላታል? መርከቧን ለቁርጥራጭ ብረት የሚሸጥ ባለቤትም ምንጣፍ፣ ፍራሽ፣ አሳንሰር፣ የመዋኛ ገንዳ ንጣፍ ላይ ገንዘብ አያወጣም። ይህ ምቾት ነው፣ ይታገሡታል። ጥያቄው ቁጠባው ከምንጣፍ አልፎ ወደ ፓምፕና ወደ እሳት በር ወርዷል ወይ የሚለው ነው። ይህን ደግሞ ከደሴም ሆኖ ማየት ይቻላል።

መርከብ ስሟ ይቀየራል፣ የምትመዘገብበት አገር ይቀየራል፤ ባለ 7 አሃዝ ዓለም አቀፍ ቁጥሯ ግን ከተሠራች እስክትሰበር አይቀየርም። ስሟ ታርጋ፣ ቁጥሯ የሻንሲ ቁጥር ነው ብዬ ለአጎቴ ነገርኳቸው። የመንገደኛ መርከብ ይህን ቁጥር ከሰማይ እንዲታይ ላይዋ ላይ ሳይቀር ትጽፋለች። ኢክዋሲስ የሚባል ነጻ የኢንተርኔት መዝገብ አለ፤ ተመዝግበው ቁጥሩን ሲያስገቡ የቀድሞ ስሞቿን፣ መርማሪ ድርጅቷን፣ በየወደቡ የተደረገባትን ፍተሻ ያወጣልዎታል። ወደብ ያለው አገር የባዕድ መርከብን ወጥቶ የመፈተሽ፣ ጉድለቱ ከባድ ከሆነም የማሰር ሥልጣን አለው። አሜሪካ ወደብ የምትደርስ ከሆነ የንጽሕና ነጥብም አላት፦ ከ100 ነው፤ 85ና ከዚያ በታች መውደቅ ነው።

በስልኬ ከፍተን አየን። የእነ አጎቴ መርከብ ታስራ አታውቅም። በሁለት ፍተሻ ጥቃቅን ጉድለት ተጽፎባታል። እኔ እንዲያውም ጭራሽ ጉድለት ያልተጻፈባት አሮጌ መርከብ ብትሆን እጠራጠር ነበር፤ የሚፈትሽ ሰው በደንብ ፈትሾ ምንም የማያገኝባት መርከብ አላየሁም። መጥፎው ምልክት ተደጋግሞ መታሰር፣ አንዱ ጉድለት በየወደቡ መመላለሱና ባጭር ጊዜ መርማሪ ድርጅት መቀያየር ነው።

አክስቴ የጠየቁኝ ሌላ ነው፦ «ያጥወለውለኛል ወይ?» ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወርደው ጠመዝማዛ እንኳ ያስመልሳቸዋል። መርከብ እንደ ሚዛን ጫፍና ጫፏ ይወጣል ይወርዳል፣ መሀሏ ግን ብዙም አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ መሀል ላይ፣ ዝቅ ያለ ፎቅ ላይ ያለ ክፍል ይሻላል። ከጎኗ የሚዘረጉ ክንፍ መሳይ ነገሮችም መወዛወዙን ይቀንሳሉ። አሮጌ መርከብ በረንዳ ያላቸው ክፍሎች ጥቂት ናቸው፤ በምትኩ ብዙዎቹ ዙሪያዋን የሚያስኬድ ሰፊ የእንጨት መተላለፊያ አላቸው፣ ለእኔ ይህ ይበልጥብኛል። ትንሽ ስለሆነችም ግዙፎቹ የማይገቡበት ትንሽ ወደብ ትገባለች።

ልጃቸው ደግሞ ልታስተካክል የሚገባት ወረቀት አለ። ጉዞው ከሼንገን አገሮች ወጥቶ የሚመለስ ከሆነ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ አይበቃም፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ያስፈልጋል። ለቪዛው ራሱ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና መድን ይጠየቃል። ከዚያ ሌላ ጉዞው ቢሰረዝ ገንዘብ የሚመልስ መድን እንድትጨምር መከርኳት፤ ልትሸጥ የተቃረበች መርከብ ገዢ ቀድሞ ከመጣ የመጨረሻ ጉዞዎቿ ሊሰረዙ ይችላሉ። መርከቧ ላይ ሲወጡ የሚደረገውን የአደጋ ጊዜ ልምምድ ደግሞ እንዳይቀሩበት። ከኮስታ ኮንኮርዲያ በኋላ ሕጉ ተለውጦ ከ2015 ጀምሮ ልምምዱ መርከቧ ከመነሣቷ በፊት ወይም እንደተነሣች መደረግ አለበት። የሕይወት አድን ሰደርያውን ማሰር፣ ከክፍል ወደ መሰብሰቢያው የሚያደርሰውን ደረጃ በእግር ሄዶ ማወቅ፤ አንድ ጊዜ በብርሃን የሄዱበትን መንገድ በጨለማም ያገኙታል።

አጎቴ በመጨረሻ መርከቧ ወዴት እንደምትሄድ ጠየቁ። ብዙዎቹ የመዝናኛ መርከቦች ቱርክ አሊያጋ ወይም ሕንድ አላንግ ይሄዳሉ። አላንግ ላይ ባሕሩ ሲሞላ ሞተሯ በሙሉ ኃይል ተነሥቶ ወደ ዳርቻው ትነዳለች፣ ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው ላይ ትቀራለች። ሠራተኞች በጋዝ እሳት እየቆረጡ ከአፍንጫዋ ጀምረው ይበልቷታል። ወንበሩ፣ ሳህኑ፣ ፍራሹ፣ መብራቱ በመንገዱ ዳር ባሉ ሱቆች ይሸጣል፤ ብረቱ ቀልጦ ወይም በትኩሱ ተዳምጦ የቤት ብረት ይሆናል። ሥራው ብዙ ሰው የቀጠፈ፣ አስቤስቶስ በተባለው የእሳት መከላከያ ማዕድን ብናኝም ሳንባ የሚጎዳ ነው። ይህን ለመግታት በ2009 የተፈረመው የሆንግ ኮንግ ስምምነት በሥራ ላይ የዋለው ገና በጁን 2025 ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመት መዘግየቱ ለእኔ ይከብደኛል። ያቺ አስቶሪያም በዚያው 2025 ቤልጅግ ጌንት ደርሳ ለመሰበር ተሰጥታለች።

አጎቴ ዝም ብለው ቆዩ። የእሳቸው ኤንትሬ ኮምቦልቻ ላይ ተቆራርጣ ስትሸጥ ሄደው አላዩም ነበር። ከዚያ የሞተር ክፍሉን ያሳዩኛል ወይ ብለው ጠየቁኝ። የወደብና የመርከብ ጥበቃ ሕግ ከ2004 ወዲህ ስለጠበቀ መንገደኛ ወደዚያ በአብዛኛው አይገባም አልኳቸው፤ ቅር አላቸው። «እንግዲያው ከኋላ በኩል፣ ሞተሩ የሚሰማበት ክፍል ይሁንልን» ብለው ልጃቸው ጋ ደወሉ። አክስቴ ስልኩን ተቀበሉና መሀል ላይ፣ ዝቅ ያለው ፎቅ እንዲሆን አስደረጉ።